የፒክአፑን ዳሽቦርድ ማን አበራው?

ሟቹ አሮጌ ፒክአፑን መንገድ ዳር አቁሞ የኋላ ጎማ ሊቀይር በተንበረከከበት ነበር የውሃ ቦቴ መጥቶ የገጨው። ጊዜው መሸትሸት ሲል ነው። የቦቴው ሾፌር ታስሮ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። «የኋላ መብራት አልነበረውም» እያለ ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው? ፒክአፑ ተጎትቶ በሟቹ ጋራዥ አደረ፤ ፖሊስ በማግስቱ ሲሞክረው ያልተሰበረው የቀኝ የኋላ መብራት ቦግ አለ።

መርማሪዋ ግን ነገር ካልጣማት እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ጋራዡ ድረስ መጣች። እዚያ የሚሠሩት ሁለት ናቸው፤ ኤሌክትሪሺያኑ የሟቹ ታናሽ ወንድምና ቦዲ ሠሪው።

«መኪናዋ ምን ችግር ነበረባት?» ስትል ታናሽየውን ጠየቀችው።

«ምንም። የዳሽቦርዷ መብራት ብቻ ነበር እምቢ ያለው። ያን ቀን ጋሼ ሲነግረኝ፣ አምፖል ይሆናል፣ ነገ አየዋለሁ አልኩት።» ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ወንድሙን የቀበረ ሰው ነውና ማንም አልታዘበውም።

ቦዲ ሠሪው ደግሞ ወሬ አይጠላም። «እቺ ፒክአፕ መደብራችን ነበረች እኮ! የደንበኛ መኪና የሆነ ነገር ሲጎድላት ከሷ ፈታ አድርገን እንገጥማለን። ጋሼ፣ ራቁቴን አስቀራችሁኝ እያለ ይስቅብን ነበር።»

መርማሪዋ ጋቢና ገብታ መብራት አበራች። የዳሽቦርዱ ቁጥሮች አንድም ሳይቀሩ ታዩ። ከመሪው ሥር ያለውን የፊውዝ ሳጥን ከፈተች፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም አቧራ ለብሰዋል። ንጹሑን ነቀለችው። ዳሽቦርዱ ጠፋ። ወርዳ ስታይ የኋላውም ጠፍቷል፤ የፊቶቹ ግን እንደበሩ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ሾፌሩን አስመጥታ፣ የሟቹን ሚስትና ሁለቱን ባለሙያዎች ፒክአፑ ዘንድ ሰበሰበች።

«ያን ቀን ዳሽቦርዱ ጠፍቶ ነበር። ማን አበራው?»

ንጹሑን ፊውዝ አውጥታ አሳየቻቸው።

«አምፖል አንድ በአንድ ነው የሚቃጠለው። ሁሉም ባንዴ ከጠፋ ፊውዝ ነው። በዚች መኪና ደግሞ ዳሽቦርዱና የኋላ መብራቱ የሚሠሩት በአንድ ፊውዝ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ አልዋሸም። ሟቹም የፊቱ ስለበራለት የኋላውን አልጠረጠረም። ፊውዙ የገባው ከአደጋው በኋላ፣ ፖሊስ ከመሞከሩ በፊት ነው። በዚያ ሌሊት የጋራዡ ቁልፍ ማን ዘንድ ነበር?»

ቦዲ ሠሪው ቀስ ብሎ ወደ ታናሽየው ዞረ።

«ለደንበኛ ቸኩዬ ነቀልኩት» አለ ታናሽየው። «የኛው ናት፣ ሳይመሽ እመልሳለሁ ብዬ። ጋሼ ሲጠይቀኝ አፈርኩ፤ አምፖል ነው አልኩት። የኋላውም አብሮ እንደሚጠፋ አውቅ ነበር።»

የሾፌሩ እጅ ተፈታ። የሟቹ ሚስት ወደ እሱ ሄዳ፣ «ሦስት ቀን ሙሉ ስረግምህ ነበር። ይቅር በለኝ» አለችው። ከዚያ ወደ ታናሽየው ዞረች።

«በቀብሩ ላይ ከሁላችን በላይ የጮኽከው አንተ ነበርክ!»

«ለሱ አልነበረም እትዬ» አለ። «እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ነው። ለወንድሜ ገና አላለቀስኩለትም።»