ጥቁሩ ላይ ጠብቀኝ

የምትወዱት ሰው በሬዲዮ እያናገራችሁ ድምፁ ድንገት ቢቋረጥ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ዝምታ ምን ያህል ትችሉታላችሁ? እስቲ መልሱልኝ! ብቻ «እግዜር ያውቃል» እንዳትሉኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እግዜር የሚያውቀውን አንድ ባለወንበርም ያውቅ ነበር።

ሴቲቱ የሰደድ እሳት ተመራማሪ ናት። እሳት ከምን እንደሚነሳ፣ እንዴት እንደሚሮጥ፣ ካለፈ በኋላ አፈሩን ምን እንደሚያደርገው ታጠናለች። በደን ጥበቃው መሥሪያ ቤት ሁሉም «ዶክተር» ይሏታል። ከልጅነቷ ጀምሮ እሳት ትፈራለች። ይህን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

የተገናኙ ዕለት ሜዳ ላይ ቁጢጥ ብላ ነበር። ዙሪያውን ያለውን ሣር አሳጭዳ፣ መሐል ላይ አንዲት ምንጣፍ የምታህል ሣር አስቀርታ ለኩሳለች። ነበልባሉ ምን ያህል እንደሚፈጥን ስትለካ፣ ድንገት ከኋላዋ ውሃ ወረደባት። ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ!

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?»

ዘወር አለች። በጀርባው የውሃ መርጫ ያዘለ ረጅም ሰውዬ አፍጥጦባታል። የእሳት ተከላካይ ቡድኑ አለቃ ነው።

«አላበድኩም፤ ሥራዬ ላይ ነኝ!»

«ሥራሽ ጫካ ማቃጠል ነው?»

«አዎ!»

መንገድ ዳር ከቆመው የውሃ መኪና ውስጥ ሽማግሌው ሾፌር እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ ሰው ሁሉ ጋሽ ቦቴ ይለዋል።

«አለቃ፣ አዲሷ ዶክተር እኮ ናት! ሰው ቆንጆ ሲያይ ሰላም ይላል፤ አንተ ታጥባለህ?»

ሰውየው ክው አለ። «ይ... ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር። አላወቅኩዎትም።»

«ውሃውን ስትደፋብኝ አንቺ ብለኸኛል» አለች ፀጉሯን እየጨመቀች። «አሁን ደርሶ አታክብረኝ።»

ዓይን ለዓይን ተያዩ... ቀድሞ የነቀለ የለም።

ከዚያ ወዲህ ወደ ጫካ በወጣች ቁጥር ዕቃዋን የሚሸከምላት እሱ ሆነ። የምትሠራውን ሲያይ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። ጭራሮና ሣር ትሰበስባለች፤ ትመዝናለች፤ በማድረቂያ ምድጃ አድርቃ እንደገና ትመዝናለች። የጎደለው ክብደት ውሃ ነው። ጭራሮው ውሃ ካጣ ጫካው ክብሪት ነው ማለት ነው።

«ይኼን እኔም በእጄ ሰብሬ አውቀዋለሁ» አላት አንድ ቀን።

«እጅህ ሲደክመውና ልብህ ሲቸኩል ይዋሻል። ሚዛን ግን አይቸኩልም።»

«ልቤ የሚቸኩለው ወዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ዝም በል! ጋሽ ቦቴ ይሰማናል።»

«ሰምቻለሁ!» አለ ጋሽ ቦቴ ከመሪው ኋላ። «እሳት ለማጥፋት ተቀጥረን እሳት ልንጭር ነው እንግዲህ።»

አንድ ማለዳ ከሸለቆው አፍ ላይ ተቀምጠው ሳለ ምስጢሯን ነገረችው።

«እኔ እሳት እፈራለሁ። ስለምፈራው ነው የማጠናው።»

«እኔ አልፈራም።»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ የክብሪት ሳጥን አውጥታ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

«መውጫ ካጣህ ከፊትህ ያለውን ሣር አንተው ለኩሰው። ነዶ ሲያልፍ የተቃጠለው መሬት ላይ ተኛ። እሳት አንዴ የበላውን ደግሞ አይበላም። እኔ እስክመጣ ጥቁሩ ላይ ጠብቀኝ።»

«እሳት ሊበላኝ ሲመጣ ሌላ እሳት ልለኩስ? ባልደረቦቼ ምን ይሉኛል?»

«በሕይወት ያለ አለቃ ይሉሃል።»

አሁን ስለ ባለወንበሩ ልንገራችሁ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው። ዶክተሯ ከመጣች ጀምሮ በየዓመቱ ትለምነው ነበር፤ «ሸለቆው አፍ ላይ ያለው ሣር እየተከመረ ነው። ነፋስ በሌለበት፣ ገና እርጥበት ሳለው፣ እኛው በጥንቃቄ እናቃጥለው» እያለች። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ደን ጠባቂ ደን አቃጠለ ሊባል? ሰው ምን ይለናል?»

ሰው ምን ይለናል! ስንቱን ቀብረንበታል በዚህች ቃል!

በዚያ ሰሞን ዶክተሯን ትኩሳት ጣላት። አለቃው ቤቷ ድረስ መጥቶ ግንባሯን በእጁ ጀርባ ነካ።

«ትነጃለሽ እኮ! ጭራሮውን እኔ አመጣልሻለሁ። አንቺ ተኚ።»

«ከፀሐይ በኩል ካለው ዳገት ነው፤ እንዳትረሳ።»

አመጣላት። በማግስቱ ከማድረቂያው አውጥታ ስትመዝነው እርጥበቱ ብዙ ነው። ደስ ሊላት ሲገባ መስኮቱን ከፈተች። ውጭ ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ ወፎቹም ዝም ብለዋል። በዚያው ቅጽበት ከሸለቆው ሥር ቀጭን ጭስ ታየ። አንድ ከሰል አክሳይ በቅጡ ሳያዳፍን የሄደው ፍም ነበር።

ለኃላፊው ደወለች።

«ልኬቱ ርጥብ ነው ይላል፤ እኔ ግን አላምነውም። ዳገቱን ራሴ ሄጄ እስካይ ማንም ሸለቆው ውስጥ እንዳይገባ!»

«ከሰዓት በኋላ እንግዶች አሉብኝ ዶክተር። ጭስ እያዩ እንዲገቡ አልፈልግም።»

«ማንም እንዳይገባ ነው የምልዎት!»

«ገባኝ፣ ገባኝ።»

ትኩሳቷን ይዛ ዳገቱን ወጣች። አንድ ጭራሮ አንስታ ብትሰብረው ቀጭ አለ፤ እንደ ብርጭቆ። ቁልቁል ስታይ የቡድኑ ቢጫ ቆቦች ከሸለቆው ሥር ይንቀሳቀሳሉ። ሬዲዮው በእጇ ላይ ተንጫጫ።

«ዶክተር፣ አንቺ ካልሽ ብለን ገብተናል። ትኩሳቱ ተሻለሽ?»

«እኔ ምን አልኩ? ውጡ! አሁኑኑ ውጡ!»

«ድምፅሽ ይቆራረጣል... ነፋሱ ዞ...»

ዝም።

«አለቃ! ... አለቃ ስማኝ!»

ዝም።

ሸለቆው አጓራ። ሌላ ቃል የለኝም፤ እንደ አውሬ አጓራ። ጭሱ ሽቅብ ተነሳና ፀሐይዋን ዋጣት። ከሸለቆው አፍ ጋሽ ቦቴ መኪናውን ሲያስነሳ አየችው። ውሃውን ይዞ ወደ ቡድኑ ልጆች፣ ቁልቁል ወደ ጭሱ ነዳ። ክላክሱ ተሰማ። ደግሞ ተሰማ። ከዚያ አልተሰማም።

ሬዲዮውን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ተንበረከከች። «ጥቁሩ ላይ ጠብቀኝ» ትላለች፤ «አደራህን፣ ጥቁሩ ላይ ጠብቀኝ...» የሚሰማት አልነበረም።

ጭሱ ሲሳሳ ሰዎች ወጡ። ከል የመሰሉ፣ እርስ በርስ የተደጋገፉ። ከፊት አለቃው ነው፤ የተቃጠሉ ሁለት እጆቹን እንደ ባዕድ ነገር ከፊቱ ዘርግቷቸዋል። ሮጣ ስትደርስበት ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ርጥብ ነው አልሽ። አምኜሽ ገባሁ። ጋሽ ቦቴ ሞተ!»

አምቡላንሱ በሩን ዘግቶባት ሄደ።

ሐኪም ቤት በሄደች ቁጥር በሩ ላይ የምታገኘው እህቱን ነው።

«አልፈልግም ብሏል፣ እህቴ። እኔ ምን ላድርግ?»

በእሳት ፋንታ አሁን የምትፈራው ያን በር ሆነ። ባስ ሲልባት አንድ ቀን እህቱን ገፋ አድርጋ ገባች።

«ውጪልኝ!»

«አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ጭራሮውን ከየት ነው ያመጣኸው?»

«ከመንገዱ ዳር፤ ከዛፎቹ ሥር። ምነው?»

«ከፀሐይ በኩል ብዬህ ነበር እኮ...»

«ዳገቱ ሩቅ ነው። አንቺ ደግሞ ብቻሽን ትኩሳት ላይ ነበርሽ። ቶሎ ልመለስልሽ ብዬ...»

ጥላ ሥር ያደረ ጭራሮ ርጥብ ነው! ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ ነኝ። ጋሽ ቦቴን እኔ ነኝ የገደልኩት!»

«አይደለህም! እኔ ልኬቱን አላመንኩትም። ማንም እንዳይገባ ብዬ ተናግሬ ነበር።»

«ለማን?»

«ለኃላፊው።»

ቀስ ብሎ ከትራሱ ተነሳ። «እሱ በሬዲዮ ያለኝ "ዶክተሯ ርጥብ ነው ብላለች፤ ግቡ" ነው። ሌላውን አልነገረኝም።»

እህቱ በሩን ከውጭ ዘጋችው።

«ክብሪትሽን ጨረስኩት» አላት በመጨረሻ። «ነፋሱ እያጠፋብኝ፣ የመጨረሻዋ እንጨት ናት የያዘችው። ጥቁሩ ላይ ተኝተን በላያችን አለፈ። ፈራሁ... እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ከሞቱ ይልቅ አንቺ ስትመጪ አለማየቱን።»

«እንኳን ፈራህ፣ የኔ ጌታ!» ብላ ትከሻው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

«አታልቅሺ። ይልቅ አግቢኝ።»

«በዚህ እጅህ ቀለበቱን ልታጠልቅልኝ?»

«በጥርሴ!»

እያለቀሱ ሳቁ።

ለፍቅሩ ብቻ ለምታነቡኝ ልንገራችሁ፤ ተጋብተዋል። ጋሽ ቦቴ ሊቀመጥበት የሚገባው ወንበር ባዶውን ነበር። ከሠርጉ በፊት ግን በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ነበር፤ እኔን ዛሬም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ኃላፊው ማይክሮፎን ጨብጦ ሟቹን «ጀግናችን» አለ። ቀጥሎ «የተፈጥሮ አደጋ» አለ። ቀጥሎ ዓይኑን ከሰው አሽሽቶ «በዶክተሯ ልኬት ላይም ስህተት ነበረ» አለ። እሳት አፍ የለውምና የፈለጉትን ይጭኑበታል!

አለቃው በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን ይዞ ተነሳ።

«የልኬቱ ስህተት የእሷ አይደለም፤ የእኔ ነው። ጭራሮውን ከጥላ ሥር ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ግን አላመነችውም፤ ማንም እንዳይገባ ብላ ለኃላፊው ነግራ ነበር።» ወደ ፊተኛው ወንበር፣ ወደ ጋሽ ቦቴ ባለቤት ዞረ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ባልቴቷ ትክ ብለው አዩት።

«ተቀመጥ ልጄ። አንተ ተናገርክ።» ቀስ ብለው ተነሱ። ዶክተሯ በአንድ በኩል፣ አለቃው በሌላው በኩል ደገፏቸው። «አሁን እርስዎ ይናገሩ፣ ጌታው።»

«እናቴ፣ ቢሮ ይምጡና በሰፊው እንነጋገራለን...»

«ባሌ የሞተው ቢሮ ውስጥ አይደለም! እዚሁ፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ይመልሱልኝ። "ማንም እንዳይገባ" የምትለዋን ቃል የት ጣሏት?»