የጸሎት ርዕስ

«አንድ ሌላም የጸሎት ርዕስ አለኝ» አለች ሎሚ፣ የሾርባ ሳህኗን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ እየተነሣች። ድምፅዋን ለስለስ፣ ዝቅ አድርጋዋለች። «ስሙን አልጠራም፤ የጓደኛዬ ወንድም ነው። በፋሲካ በጉባኤው ፊት ቆሞ እምነቱን ሊመሰክር ተመዝግቦ ነበር። አሁን ግን ማመን አቅቶታል። ‹ቆሜ ውሸት አልናገርም› ብሏል። ጌታ ልቡን እንዲነካው ብንጸልይለት ብዬ ነው።»

ጓደኛዋ ድምቢጥ ያነሣችውን ዳቦ መልሳ ሳህኗ ላይ አስቀመጠች።

የማንኪያው ኳኳታ ሁሉ ቀጥ አለ። የሎሚ ጓደኛ ወንድም ማን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ቢኖር እንኳ የሌላውን ዓይን ተከትሎ ይደርስበታል፤ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ዓይን በሙሉ የዞረው ወደ አንድ ቦታ ነበርና። የድምቢጥ ወንድም ዳቦ ሊቆርስ የያዘውን ቢላዋ እንደያዘ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ከእሱ ፈንጠር ብሎ፣ በትልቁ ድስት አጠገብ፣ ጭልፋ ይዞ የቆመው ደግሞ አባታቸው ነው።

ወንድሟ ቢላዋውን በጨርቅ ጠረገ። ቀስ ብሎ፣ ሁለቱንም ፊት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ቀና ብሎ አየ። ሎሚን አላየም፤ ድምቢጥን ነው ያያት። ከዚያ ወጣ። በሩን እንኳ አላጋጨውም፤ ቢያጋጨው ይሻላት ነበር።

«እንጸልይ» አለ አባቷ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። ድምቢጥ ብቻ አልጨፈነችም። ከአባቷ ጭልፋ ሾርባው ጠብ፣ ጠብ እያለ የጠረጴዛውን ልብስ ሲያበሰብሰው፣ እሱም ሳይታወቀው እንደያዘው ሲቆይ፣ እስከ አሜን ድረስ አየችው።

በሽማግሌዎች በምትመራው በዚያች የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ዐቢይ ጾም ሲገባ ብዙ ነገር ይለወጣል። የመስበኪያው ጨርቅ ሐምራዊ ይሆናል። መዘምራኑ ‹ሃሌ ሉያ› የሚለውን ቃል እስከ ፋሲካ አይዘምሩትም፤ የፋሲካውን መዝሙር ሲለማመዱ እዚያ ቃል ላይ ሲደርሱ አፋቸውን ዘግተው «እምምም» ይላሉ፤ ታዳጊዎቹም ሳቃቸውን ለመዋጥ ይጨነቃሉ። ሮብ ሮብ ማታ በአዳራሹ ሾርባና ዳቦ ይበላል፤ ከዚያ የጸሎት ርዕስ ያለው ይነሣና ይናገራል፤ ሁሉም ይጸልያል። በዚሁ ወራት ነው የእምነት ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶች ለፋሲካ የሚዘጋጁት። በጉባኤው ፊት ከመቆማቸው በፊት ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ያስቀርቧቸውና ስለ እምነታቸው ይጠይቋቸዋል።

የድምቢጥ አባት አናጺ ነው፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱ። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ደስታው ከፊቱ አይጠፋም ነበር። «የሚጠይቅህ እኔ ነኝ እንግዲህ፤ ሰው ፊት እንዳታዋርደኝ» እያለ በልጁ ይቀልድበታል። ልጁ ፈገግ ይልና ወደ እንጨቱ ያቀረቅራል።

«አብደሻል?» አለች ድምቢጥ ያን ማታ ከጸሎቱ በኋላ፣ ሎሚን ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ዕቃ ማጠቢያ ክፍል አግኝታት።

ሎሚ እጇን አረፋ ውስጥ እንደነከረች ዞረች። «ምን አደረግኩ?» ፊቷ ላይ ያለው መገረም የእውነት ነበር፤ ድምቢጥን ይበልጥ ያበሸቃትም እሱ ነው።

«ምስጢሬን አወጣሽው!»

«ኧረ በፍጹም! ምስጢር አላወጣሁም። የጸሎት ርዕስ ነው ያደረግኩት።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እንዴ! ወሬ ለሰው ነው የሚወራው፤ የጸሎት ርዕስ ለእግዚአብሔር ነው። ደግሞ ስሙን አልጠራሁም።»

«‹የጓደኛዬ ወንድም› አልሽ እኮ! ስንት ወንድም ነው ያለኝ?»

«ባክሽ አታካብጂ። ሰው ሁሉ አዝኖለታል። ዳቦ ጋጋሪዋ እንዲያውም እንባዋ መጥቷል።»

«እንዲታዘንለት ማን ጠየቀሽ?»

ሎሚ ያጠበችውን ሳህን አስቀመጠች። ጆሮዋ ቀልቷል። «አንቺንስ ማን ጠየቀሽ?»

«ምን?»

«ለእኔ ስትነግሪኝ። ወንድምሽ ‹ሂጂና ለሎሚ ንገሪያት› ብሎሽ ነበር? ‹ለጸሎት ብዬ ነው የምነግርሽ› ብለሽ አይደል የጀመርሽው?»

በጉባኤው ሁሉ በትልቅ ድምፅዋ የምትታወቀው፣ ትንሽ ሆና ሳለ ከመዘምራኑ ሁሉ በላይ ስለምትሰማ ‹ድምቢጥ› የተባለችው ልጅ፣ እርጥብ ፎጣ እንደያዘች ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ፣ ወንድሟ የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት እያሸ ሳለ፣ ቀና ሳይል ነገራት። በፋሲካ እንደማይቆም፣ ያላመነውን አምናለሁ እንደማይል ነገራት። «ለአባባ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። ቃሉን እስካገኘው ብቻ ነው። ለማንም እንዳትተነፍሺ።» እሷም «ለማንም!» ብላ ምላለች። የማለችው ከልቧ ነበር። ግን ሆድ የሚባል ነገር አንዳንዴ አይችልም። የወጣቶቹ መሪ የሆነችው ልብስ ሰፊ ደግሞ ጾሙ ሲገባ ሁለት ሁለት አድርጋ አጣምራቸዋለች፤ «እርስ በርስ የምትነጋገሩት በሁለታችሁና በእግዚአብሔር መካከል ይቀራል» ብላ። የድምቢጥ ጥንድ ሎሚ ነበረች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው። ሎሚን ያላመነች ማንን ታምናለች?

በማግስቱ ጠዋት ወንድሟ በሩ ላይ ተንበርክኮ የጫማውን ክር ሲያስር አገኘችው።

«ለጸሎት ብዬ ነው» አለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ቀለለባት።

«እግዚአብሔር እንዲሰማው ብፈልግ እኔ አፍ የለኝም?» አላት፣ ሳይጮህ። «ለአባባ የምለውን ስንቴ እንደተለማመድኩት ታውቂያለሽ? ከየት እንደምጀምር፣ የት ላይ ቆም እንደምል። እሱ ግን ከሎሚ ሰማው። ሾርባ ሲቀዳ!»

«ይቅርታ አድርግልኝ በናትህ።»

ተነሣ። «ከእንግዲህ ከእኔ የምትሰሚው ደህና አደርሽ፣ ደህና ዋልሽ ነው።»

ቃሉን ጠበቀ። ጠዋት «ደህና አደርሽ» ይላታል፤ ማታ «ደህና ዋልሽ» ይላታል፤ እንደ እንግዳ፣ በጨዋ ደንብ። ቢሰድባት ትሰድበው ነበር። በማዕድ ላይ ጨው ሲያቀብላት እንኳ «እንኪ» ይልና ዓይኑን ወደ ሳህኑ ይመልሳል። አባታቸው ደግሞ ሁለቱንም አያናግርም። የማታ ተረኛ ነርስ የሆነችው እናታቸው አንድ ጠዋት ከሥራ ገብታ፣ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸውና «እዚህ ቤት ከሕመምተኞቼ የሚበልጥ ሕመምተኛ አለ» ብላ ወደ መኝታዋ ሄደች።

ከዚያ ሁሉ የባሰው የሰዉ ደግነት ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋ ዳቦውን ስትጠቀልልላት እጇን ያዝ አድርጋ «ለወንድምሽ እየጸለይን ነው፣ ልጄ» አለቻት። የመዘምራኑ መሪ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ፖስተኛው ሳይክሉን አቁሞ «አይዞሽ፣ ይመለሳል» አላት፤ ወንድሟ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ፣ የጠፋ ይመስል። ድምቢጥ ለሁሉም «እግዜር ይስጥልን» እያለች አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ሎሚም በስልክ መላክ አላቆመችም፦ «እየጸለይኩልሽ ነው።» ከሥሩ የተጋጠሙ እጆች ሥዕል። ድምቢጥ ስልኩን ገልብጣ ታስቀምጠዋለች።

በሚቀጥለው ሮብ ልብስ ሰፊዋ ጥንዶቹን እንደ ልማዱ ፊት ለፊት አስቀመጠች። ድምቢጥ «እትዬ፣ ከሌላ ሰው ጋር ብሆንስ?» ብትላትም «እስከ ፋሲካ ጥንድ አይቀየርም፣ የኔ እናት» አለቻት።

ሎሚ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ዓይኗ ሥር አብጧል። «ስሚ፣ አስቤበት ነበር» አለች በሹክሹክታ። «ዛሬ ተነሥቼ ይቅርታ ልጠይቅ?»

«የት ተነሥተሽ?»

«እዚሁ፣ በሁሉም ፊት። እንደ ጸሎት ርዕስ…» ሎሚ ከወንበሯ ብድግ ማለት ጀመረች።

«ሎሚ፣ ቁጭ በይ!»

ከጎናቸው የነበሩት ዞር ብለው አዩአቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ሎሚ ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች፤ ቆይታም «እሺ ዛሬ ምን ልጸልይልሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም የምነግርሽ ነገር የለኝም።»

ሎሚ ብቻዋን ዓይኗን ጨፈነች። ድምቢጥ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የምታውቀውን ፊት አየችው፤ የማታውቀው ሰው ፊት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድምቢጥ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስትልጥ አባቷ ገባ። ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ አለ። ከግቢው ማዶ፣ ከእንጨት ሥራው ቤት፣ የወንድሟ መላጊያ ሽው… ሽው… ሲል በክፍቱ መስኮት ይሰማል። አባቷ ውኃ ቀድቶ ሳይጠጣው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ወንበር ስቦም ተቀመጠ።

«ነገ ከአምልኮ በኋላ ልጆቹ እኛ ፊት ይቀርባሉ» አለ። «እሱ ይምጣ፣ ይቅር፣ አላውቅም። ወንበር ላይ ተቀምጬ በሩን ነው የማየው።»

ድምቢጥ ሌላ ሽንኩርት አነሣች።

«ላንቺ ነግሮሻል። ምን አለሽ?»

«አባባ…»

«አልቆጣም። ለማንም አልናገርም። አባቱ ነኝ፤ ማወቅ አይገባኝም?» ብርጭቆውን በጠረጴዛው ላይ አዞረው። «የት ጋ እንደተሳሳትኩ ነው ማወቅ የምፈልገው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት? በኃይል ይዤው ነው?»

አባቷን እንዲህ አይታው አታውቅም። ጣውላ በአንድ እጁ የሚያነሣ ሰው፣ ትከሻው ወርዶ፣ ከአሥራ አራት ዓመት ልጁ መልስ ይለምናል። መልሱ ደግሞ ነበራት! ያን ዕለት ወንድሟ የወንበሩን እግር እያሸ ሌላም ነገር ብሏት ነበር፦ «አባባ ሲጸልይ ስሰማ የሚያዳምጠው እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ስጸልይ ግን ከጣውላ ጋር የማወራ ይመስለኛል። በእሱ እቀናለሁ።» ይህቺን ብትነግረው የአባቷ ትከሻ ቀና ይል ነበር። ክፉ ቃል አይደለችም። ማንንም አትጎዳም። እንዲያውም ለሁለቱም ትጠቅማለች፤ ደግሞም የምትነግረው ለ…

ያቺ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ሎሚም ሳህኗን አስቀምጣ ስትነሣ ውስጧ እንዲህ ሞቅ ብሏት ነበር ማለት ነው? እንዲህ ደግ የሆነች መስሏት?

ለሎሚ አዘነችላት ማለት አይደለም። ንዴቷ ከነትኩሱ እዚያው ደረቷ ላይ ነበር። ያችን ቃል ግን ዋጠቻት።

«የእሱ ነው፣ አባባ» አለች። «እኔ ልነግርህ አልችልም። እሱን ጠይቀው።»

«አይነግረኝም እኮ።»

«ጠይቀኸዋል?»

አባቷ ወደ መስኮቱ ዞረ። ውጭ መላጊያው ሽው… ሽው… ይላል። ውኃውን በአንድ ትንፋሽ ጠጣውና ተነሣ። ቅንድቡን በመዳፉ ጠረገ። የወጥ ቤቱን በር ከፍቶ ግቢውን ሲያቋርጥ ድምቢጥ በመስኮቱ አየችው፤ እንደ ሁልጊዜው ቶሎ ቶሎ አይራመድም።

መላጊያው ቆመ።

ቢላዋውን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ወንድሟ ምን ይላል? ያን የተለማመደውን ያገኘው ይሆን፣ ወይስ ‹ደህና ዋልክ› ብሎ ይሸኘዋል? ከዚህ ሆና እያንዳንዷን ቃል መስማት ትችላለች። ማንም አያያትም።

«ልግባ?» ሲል ሰማችው አባቷን፣ በገዛ ሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ።

የወንድሟ መልስ ከመምጣቱ በፊት መስኮቱን ዘጋችው።