ያልተማሰለው ሻይ

«በእኔ እጅ ያለፈ ዱቄት ቅንጣት ተሳስቶ አያውቅም!» ትል ነበር በጥባጯ። ሯጮቹ ይህን ስም ያወጡላት ከልምምድ በፊት የሚጠጡትን የካፌይን ዱቄት ስለምትበጠብጥላቸው ነው፤ ምላሷም ለስሙ አላነሰም። ያን ቀን ጠዋት ግን የክለቡ አንደኛ ሯጭ፣ ታላቅ ወንድሟ፣ እሷ የበጠበጠችለትን ጠጥቶ አራተኛውን ዙር ሳይጨርስ ተደፋ። ሐኪም ሲደርስ ልቡ ቆሟል። ከጠጣበት ጠርሙስ ሥር ያልሟሟ ካፌይን ተገኘ፤ ለአንድ ሰው ቀርቶ ለአንድ ቡድን የሚበቃ።

መርማሪዋ እጇን ከኋላዋ የምታጣምር አጭር ሴት ናት። መጀመሪያ የገባችው መበጥበጫው ክፍል ነው።

«ስንት ጨመርሽበት?»

«አንዲት ማንኪያ፣ አናቷን በጣቴ ጠርጌ። ከዚያ ፎጣ ላሰጣ ወጣሁ።» ልጅቷ ከአንገቷ የጫማ ክር ሳበች፤ ጫፉ ላይ ጥፍር የምታክል የዱቄት መለኪያ ማንኪያ ተንጠልጥላለች። «ሁሌም ከእኔ ጋር ናት። እዚህ ቤት ሁሉም ባለሙያ ነኝ ባይ ነው፤ ከእኔ ሌላ ማንም እንዲበጠብጥ አልፈልግም።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «እባክዎ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት?»

መርማሪዋ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ባዶ የዱቄት ቆርቆሮዎች አየች፤ የሁሉም ክዳን ወረቀት ላይ አንድ ጠባብ ስንጥቅ አለ።

«እርጥበት እንዳይገባ ነው» አለች ልጅቷ። «ማንኪያዋ ብቻ እንድታልፍ አድርጌ ነው የምሰነጥቀው። የዛሬውንም እንደዚያው።»

የክለቡ ወጌሻ አዛውንት ናቸው። እጃቸው እስከ ክንዳቸው በመታሻ ቅባት ይብለጨለጫል።

«ከንጋት ጀምሮ እግር ሳሽ ነው ያረፈድኩት፣ ልጄ። እሱም እዚሁ ተኝቶ እየጠጣ ‹ጋሼ፣ እህቴ ዛሬ እሬት ነው ያጠጣችኝ› ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።» ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። «ተው አትጠጣ ማለት አቅቶኝ?»

አሰልጣኙ ቢሮው ውስጥ የሩጫ ሰዓቱን ጨብጦ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ያለው ሻይ ቀዝቅዟል፤ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር እንደ አሸዋ ተኝቷል።

«ጠርሙሱን ነክተዋል?»

«እኔ? ሰዓት ከመያዝ ሌላ ምን አውቃለሁ!»

ቀትር ላይ ሦስቱንም መበጥበጫው ክፍል ሰበሰበቻቸው። የዛሬውን ቆርቆሮ አምጥታ አሳየች፤ ወረቀቱ እስከ ግማሽ ተቦጭቋል።

«ይህችን ጥፍር የምታክል ማንኪያ ለማስገባት ይህን ያህል መቦጨቅ አያስፈልግም። ትልቅ ማንኪያ ገብቷል። እርስዎ፣ አባቴ፣ ቢነኩት ኖሮ ቅባትዎ በታተመበት ነበር፤ ወረቀቱ ግን ደረቅ ነው። ልጅቷ ደግሞ ማንኪያ አላት። ስለዚህ ማንኪያዋን ያጣ ሰው የራሱን ይዞ መጥቷል።» ወደ አሰልጣኙ ዞረች። «ስኳር ጨምረው ያላማሰሉት ሻይ ጠረጴዛዎ ላይ ነው። ማንኪያው የት ሄደ?»

አሰልጣኙ ከኪሱ መሐረብ አወጣና ፈታው፤ የሻይ ማንኪያ ነበር፣ ጎድጓዳው ነጭ የለበሰ።

«መጨረሻ ዙር ላይ እግሩ ይከብደው ነበር» አለ። «ነገ ማጣሪያ ነው፤ ትንሽ ጉልበት ይሁነው ብዬ ነው። የእሷን ማንኪያ ቆርቆሮው ውስጥም መደርደሪያው ላይም ፈለግኩ፣ አጣሁ። በዚህችው ሦስት ጊዜ... ማንኪያ ማንኪያ ነው ብዬ! እሱ ከተደፋ በኋላ ሻዬ ውስጥ ልመልሳት ፈራሁ። ልጁን በገዛ እጄ ነው የቀበርኩት።»

በጥባጯ እያለቀሰች ብድግ አለች፤ ከጠዋት ጀምሮ የታፈነ ትንፋሿን ለቀቀችው።

«አላልኳችሁም? የእኔ እጅ ቅንጣት አልተሳሳተም!»

ወጌሻው የጫማ ክሩን አዩ።

«አልተሳሳተም፣ ልጄ። ያቺን ማንኪያ ቆርቆሮው ውስጥ ትተሻት ቢሆን ኖሮ የአሰልጣኙም እጅ አይሳሳትም ነበር።»