ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ

የአዲስ ፈንታሌ ሰው ማለዳ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሰማው የጆሮን ድምፅ ነበር። ጆሮ ማለት በስምጥ ሸለቆው ዐለት ውስጥ የተቀበሩ፣ ከፀጉር የቀጠኑ መቶ ሺህ የመስታወት ክሮችና እነሱ የሰሙትን የሚተረጉመው ማሽን ነው። «ምድር ዛሬ ደኅና ናት» ይላል ከየቤቱ ግድግዳ፤ ሰውም ፊቱን እየታጠበ «ተመስገን» ይላል።

ትርሲት የምትሠራው በጆሮ ማእከል ምድር ቤት፣ ጥንታዊ መሣሪያዎች በሚታዩበት አዳራሽ ነበር። ምድር ስትናወጥ ዘንዶዎቹ ኳስ ወደ እንቁራሪቶች አፍ የሚጥሉበትን የቻይና የነሐስ ጋን አምሳያ ታስጎበኛለች። ሜርኩሪ የሚፈስበትን ሳህን፣ ከዚያም በጥላሸት በጠቆረ ወረቀት ላይ በመርፌ የሚጽፈውን ፔንዱለም፣ ማለትም የተንጠለጠለ ከባድ ብረት ታሳያለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት መርፌው አልረጋ አላት። ሦስት ጊዜ አስተካከለችው። የውኃ መሳቢያው ነው ብላ እሱንም አጠፋችው። መርፌው ግን መጀመሪያ በየሃያ ደቂቃው፣ በኋላ በየስምንቱ ይርገበገብ ጀመር። ወረቀቱን ይዛ ወደ ጆሮ ኃላፊው፣ ወደ ያዮ ሃንፈሬ ወጣች። ዐሥራ ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል።

«ያዮ፣ እስቲ ይህን እየው።»

«ትርሲትዬ፣ ያረጀ ዕቃ ነው እኮ፤ ዝገቱ ይሆናል።»

«እንግዲያው ጆሮን ጠይቀው።»

ያዮ ጆሮ የሰማውን እንዳለ ከፍቶ አየ። ፊቱ ተለወጠ። ከባድ መንቀጥቀጥ የመምጣቱ ዕድል ሰማንያ አራት ከመቶ ይላል።

«ታዲያ ለምን ደኅና ናት ይለናል?»

«እንዲህ እንዲል ስለታዘዘ ነዋ! አምና ሦስት ጊዜ ሕዝቡን በከንቱ አስወጣን። በሦስተኛው አንዲት አሮጊት ደረጃ ላይ ተረግጠው ሞቱ። ከዚያ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ ዘጠና ዘጠኝ ካልሞላ ጆሮ እንዳይናገር።»

«ታዲያ አንተ አናግረው!»

«ቁልፉ ምክር ቤቱ ዘንድ ነው።» ስልኩን አነሣ፤ ብዙ አዳመጠ፤ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «ዛሬ ገበያ ነው፣ ቁጥሩ ይሙላ፣ አሉ።»

ትርሲት ወጥታ ወደ ሰፈሯ ሮጠች። ከፎቅ ፎቅ እየወጣች በር ደበደበች። ልብስ ሰፊው ጋሽ ቢራራ ከመኪናው ቀና ብሎ «ጆሮ ያላለውን አንቺ ከየት አመጣሽው?» አላትና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ዐሥራ አንድ ሰዎች ተከትለዋት ወጡ፤ አብዛኞቹም ለይሉኝታ ነው።

ስድስት ሰዓት አለፍ እንዳለ ቁጥሩ ሞላ። «ውጡ!» አለ ጆሮ ከየግድግዳው። በአራተኛው ሰከንድ ግድግዳው ራሱ ወደቀ።

ከሁለት ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ጋሽ ቢራራን ያወጡት በሦስተኛው ቀን ነው። በሰባተኛው ቀን ሕዝቡ ያዮን ሊገድል ማእከሉን ከበበ። ያዮም ወጣና አምና «ዘጠና ዘጠኝ» ያሉትን ድምፅ ሰጪዎች ስም ዝርዝር አጥሩ ላይ ለጠፈ። ሁሉም ስሙን እንዳያገኝ እየጸለየ ፈለገ። አንዲት ሴት ስሟ ያለበትን ገጽ ቀድዳ በጉያዋ ሸጎጠች። ትርሲት ስሟን ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ አገኘችው። ድምፅ በተሰጠበት ጠዋት ሥራ ረፍዶባት ጫማዋን እያሰረች ግድግዳው ሲጠይቃት «ዘጠና ዘጠኝ» ብላው ነበር። ረስታው ነበር።

ከተማው እንደገና ድምፅ ሰጠ፤ ጆሮ በሃያ ከመቶ ይናገር ተባለ። ተናገረም። ምድር ገና አልረጋችምና በየቀኑ «ውጡ!» ይላል፤ ሰውም ሕፃኑንና በሽተኛውን ተሸክሞ ዝናብ ላይ ይወጣል። ምንም ሳይመጣ ይመለሳል። በሦስተኛው ወር ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ምክር ቤቱም ጥያቄውን ደገመ።

ትርሲት በ«ውጡ!» ጩኸት አራት ቀን እንቅልፍ አላየችም። በሚያንጠባጥበው ጊዜያዊ መጠለያዋ ውስጥ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ «ስንት ይሁን?» አላት።

ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠጋች። ከዚያ ጎረቤት እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዘጠና» አለች።