ድፍኑ ጥድ

እኔ ዛር፣ አድባር፣ ምናምን ሲወራ "ተዉኝ እስቲ" ብዬ ወሬ የምቀይር ሰው ነኝ፣ አምቦ ተወልጄ ያደግኩ፣ ደን ተምሬ በደን የምተዳደር፣ እናቴ እንኳ "የአንቺስ ልብ ደንድኗል" እያለች ነው የምታማርረኝ። እና ይህን የምነግራችሁ እኔ መሆኔን ልብ በሉልኝ፣ ካላመናችሁም አልፈርድባችሁም፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እስቅ ነበር።

የምሠራው ሸነን ነው፣ ጅባት ደን። ደኑን የሚጠብቁት በማኅበር የተደራጁ የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው፣ በምላሹ ቆሞ የደረቀ ዛፍ ለቤት መሥሪያ በየተራ ይወስዳሉ፣ ግን ያገኙትን ሁሉ አይደለም። ውስጡ የተቦረቦረውን አንነካም፣ ንቡም ጉጉቱም ሽኮኮውም ይኖርበታላ፣ የሚቆረጠው ድፍኑ ነው። በምን ይለያል ብትሉ፣ በመጥረቢያ ጀርባ ግንዱን ታንኳኩታላችሁ፣ ባዶው እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ ድፍኑ አይጮኽም፣ ይኸው ነው ሥራዬ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የራሳቸው ልማድ አላቸው፣ የተንኳኳ ዛፍ በዕለቱ አይቆረጥም፣ ውስጡ ያለ ነገር ሰምቶ እንዲወጣ አንድ ሌሊት ይተውለታል። ልማዱን እወደው ነበር፣ ለጉጉቱ ይበጃል ብዬ እንጂ ሌላ ነገር አስቤ እንዳይመስላችሁ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል ተራው የኦቦ ዲንቃ ሆነ። ኦቦ ዲንቃ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፣ የቤታቸውን ምሰሶ ምስጥ በልቶት በበልጉ ዝናብ ቤቱ ወድቆባቸዋል፣ ሚስታቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሌንሳን ይዘው በጎረቤት በረት ጥግ ተጠግተው ነበር፣ ልጅቷን ሳል ይዟታል። ከሰዓት በኋላ እሳቸውና ልጆቻቸው መጋዝ ይዘው፣ እኔ መጥረቢያዬንና የሚቆረጠውን የምለይበትን ቀለሜን ይዤ ደኑ ገባን፣ አንድ ትልቅ የደረቀ ጥድ ዘንድ ስንደርስ ጭጋጉ ወርዶ አጠገባችን ካለው ዛፍ ወዲያ የሚታይ ነገር አልነበረም።

አንኳኳሁት፣ ድፍን። በወዲያ በኩል ዞሬ አንኳኳሁት፣ ድፍን። "ድፍን ነው" ብዬ ቀለሙን ልቀባ ጎንበስ ስል፣ ከውስጥ ኳኳ፣ ኳ አለ።

ግንደ ቆርቁር ነው አልኩ በልቤ። ቀና ብዬ ባይ ወፍ የለም፣ ቅድም ሲንጫጩ የነበሩት ጉሬዛዎችም ጭጭ ብለዋል። መዳፌን ግንዱ ላይ አሳረፍኩና ጠበቅሁ፣ እመኑኝ፣ እንደገና ሲመጣ ከጆሮዬ ይልቅ እጄ ነው የሰማው። ሁለቱ ፈጠን፣ ሦስተኛው ዘግየት ብሎ፣ ቁርጥ የእኔ አመታት።

"ሰሙ ኦቦ ዲንቃ?"

መስማታቸውን ፊታቸው ያስታውቃል።

"ነገ እንመለስበት፣ ልማዱስ እንደዚያ አይደል?" አልኳቸው፣ ጉድ እኮ ነው፣ ልማድ አስከባሪዋ እኔ ሆንኩ።

ሰማዩን አዩ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዝናቡ ዛሬ ማታ ከጀመረ በሬ ይህን አይጎትትልኝም። ልጅቷ በረት ውስጥ እየሳለች ነው። ደግሞ ድፍን ነው ብለሻል፣ አላልሽም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ድፍን ውስጥ ማን ይኖራል?"

ራሴ ያስተማርኳቸውን ነው የመለሱልኝ። ተቆረጠ። ገና ከመውደቁ ሮጬ የተቆረጠውን ፊቱን አየሁት፣ ቀላ ያለ፣ ሽታው ደስ የሚል፣ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ እንኳ የለውም። እፎይ አልኩ፣ በራሴም ሳቅሁ።

ቤቱ ተሠርቶ፣ ጥዱ መሐል ላይ ምሰሶ ሆኖ ከቆመ በኋላ ኦቦ ዲንቃ ቢሮ መጡ፣ እኛ አገር ሰላምታ ቶሎ እንደማያልቅ ታውቃላችሁ፣ እሳቸው ግን ቆመው "ነይ" ብቻ አሉኝ። ቤታቸው ስንደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሚስታቸው አዴ ዳሜ ሌንሳን በጋቢ ጠቅልለው ምድጃው ጥግ ኩርምት ብለዋል፣ የልጅቷ ሳል ከደጅ ይሰማል።

"በዚህ ብርድ በር ይከፈታል እንዴ?" ብዬ ተቆጣሁ። "ልጅቷን ልትጨርሷት ነው?"

"ስንዘጋው ያንኳኳል" አሉኝ አዴ ዳሜ።

"ማን? ከደጅ?"

በአገጫቸው ምሰሶውን አሳዩኝ። "ስንከፍትለት ዝም ይላል። ይወጣልን ይሆናል ብለን ሌሊቱን ሁሉ ከፍተን እናድራለን፣ አይወጣም።"

ኦቦ ዲንቃ ምሰሶውን ላለማየት ወደ እኔ ዞሩ። "ብነቅለው ቤቱ ይወድቃል፣ በሩን ከፍቼ ባሳድር ልጅቷን ብርዱ ይገድልብኛል። ባለሙያዋ አንቺ ነሽ፣ ማንም የለበትም በይኝና ልዝጋው።"

ሄጄ በሩን ራሴ ዘጋሁት። ቤቱ ጨለም አለ። የለበትም ልላቸው ነው የመጣሁት፣ ማርያምን፣ ቃሉ ከአፌ ጫፍ ደርሶ ነበር። ላንኳኳው ጣቴን አጥፌ እጄን አነሳሁ፣ ገና ሳልነካው ቀደመኝ። ሁለቱ ፈጠን፣ ሦስተኛው ዘግየት ብሎ።

በሩን ከፈትኩና ወጣሁ፣ ከደጅ ሆኜ "አጣርቼ እነግርዎታለሁ" አልኳቸው፣ ቢሮ የለመድኩት ቃል ነው። ፈራሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ይኸው ሐምሌ ገባ፣ እኔም እስካሁን አልተመለስኩም፣ የጅባት ብርድ ደግሞ አጥንት ድረስ ነው። ከዚያ ሰፈር የሚመጣ ሰው ሁሉ የኦቦ ዲንቃ በር ሌሊት ሌሊት ክፍት እንደሚያድር፣ የልጅቷም ሳል እንደባሰ ይነግረኛል፣ እሳቸውም "ባለሙያዋ ምን አለች?" እያሉ ይጠይቃሉ አሉ።