ከላይኛው ዳገት የመጣው ጣሳ

ሚጡ ሰባት ቁጥር ጣሳን ስትገለብጠው ከደረቀው ሣር መሃል አንዲት ቀጭን ዘንግ ወደቀችና ጠረጴዛው ላይ ቀረች። አነሳቻትና በሁለት ጣቶቿ መሃል አሽከረከረቻት። ክብ አይደለችም፤ ሦስት ጠርዝ አላት። ሚጡ ክው አለች።

ቄጠማ ናት። ቄጠማ ደግሞ ውሃ ካልጠገበ መሬት ላይ አይበቅልም፤ ይህን ለማወቅ ተመራማሪ እናት አያስፈልግም። ጣሳው ላይ ግን በቱርቦ እጅ «ላይኛው ዳገት» ተብሎ ተጽፏል። ላይኛው ዳገት እንኳን ለቄጠማ ለምላስ ማርጠቢያ የሚሆን ውሃ የለውም።

ስምንት ቁጥርን ገለበጠች። ቄጠማ አለበት። ዘጠኝ ቁጥርንም ገለበጠች፤ እሱም ያው ነው። የላይኛው ዳገት የተባሉት ጣሳዎች እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

ቱርቦ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ባዶ ጣሳዎችን በጨርቅ እየወለወለች ታንጎራጉራለች። ስሙን ያወጡላት የክፍል ልጆች ናቸው። ፈተና ከሁሉም ቀድማ ትመልሳለች፣ ምሳዋን ከሁሉም ቀድማ ትጨርሳለች፣ ደወሉ ሳይደወል በር ላይ ናት። ስሙን ስትሰማ ደስ ብሏት ነበር፤ ደብተሯ ላይ ሳይቀር ጽፋዋለች።

«ቱርቦ፣ ሐሙስ ዕለት እነዚህን ከየት ነው ያመጣሻቸው?»

«ከላይ ነዋ።»

«ከላይ ከየት?»

ቱርቦ ቀና ስትል ሚጡ የያዘችውን ዘንግ አየች። ማንጎራጎሯን ተወች።

«ኧረ አትካበጂ» አለች። «ወንዙ ዳር ሞላኋቸው። ያን ዳገት በዚያ ፀሐይ ማን ይወጣዋል? ሣር እንደሆነ ሣር ነው።»

ሣር ሣር ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚጡ እናት ሦስት ዓመት ሙሉ ሣር ስትመዝን ባልኖረች። የእናቷ ሥራ እሳት ማጥናት ነው። በጋ በመጣ ቁጥር ጫካው ይነድዳል። ስለዚህ የእሳት ሠራተኞቹ አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት ወቅት የደረቀውን ሣርና የረገፈውን ቅጠል ራሳቸው ቀድመው፣ ጥቂት ጥቂቱን እየለዩ፣ ዙሪያውን ጠብቀው ያቃጥሉታል። ትልቁ እሳት የመጣ ጊዜ የሚበላው ያጣል። «ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው፤ እኛ ጋ ግን ቅጠሉም ይቃጠላል» ትላለች እናቷ፣ በገዛ ቀልዷ ራሷ እየሳቀች። ጣጣው ቀኑን መምረጥ ላይ ነው። ሣሩ ከረጠበ እሳት አይዝም፤ ከመጠን በላይ ከደረቀ እሳቱ ከእጅ ያመልጣል።

ጣሳው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሣሩ ታጭዶ ወዲያው ጣሳ ውስጥ ይከደናል፣ ይመዘናል፣ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ያድራል፣ ከዚያ እንደገና ይመዘናል። የጎደለው ክብደት ውሃ ነው። የላይኛው ዳገት ሣር ውሃው ከመቶ አሥር እጅ በታች ከወረደ ማንም እዚያ ክብሪት አይጭርም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሚጡ ራሷ መዝና፣ ራሷ አስልታ ለእናቷ የሰጠቻት ቁጥር አሥራ ስድስት ነበር። እናቷ ግንባሯን ሳመቻት። የእሳት ሠራተኞቹ አለቃ በእናቷ ቁጥር ለመለኮስ ሲስማማ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እስከዛሬ ሣሩን በመዳፉ ጨምድዶ፣ ድምፁን ሰምቶ ነበር የሚወስነው። እና አሁን፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ እናቷም አለቃውም ሠራተኞቹም ላይኛው ዳገት ላይ ናቸው። ከዳገቱ ጀርባ ያለው ደግሞ የሰው ቤት ነው።

ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። ደንቡ ሁለት ሰው ይላል። አንዱ ያጭዳል፣ ሌላው አጠገቡ ቆሞ ያያል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ሐሙስ ዕለት የታችኞቹን ስድስት ጣሳዎች አብረው ሲሞሉ ሚጡ ደክሟት ነበር። ቱርቦ «አንቺ እረፊ፣ የላዩን እኔ ቀጥ አደርገዋለሁ» ስትላት ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አለች። ቱርቦ በሩብ ሰዓት ተመለሰች። ዳገቱን ለመውጣት ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሚጡ ይህን ታውቃለች። አልጠየቀችም። «አይቻለሁ» የሚለው ቦታ ላይ ፈረመች።

«ወንድምሽ እኮ እዚያ ነው» አለች ሚጡ። ድምፁ የሷ አልመሰላትም።

የቱርቦ ታላቅ ወንድም በእሳት ሠራተኛነት ከተቀጠረ ገና ሁለት ወሩ ነው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ መለኮሻውን የሚይዘው እሱ እንደሆነ ቱርቦ ሳምንቱን ሙሉ ስታወራ ነበር የከረመችው። ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

«እኔ እኮ ለልምምድ መስሎኝ ነው» አለች። «የኛን ቁጥር ማን ያምናል ብዬ?»

እውነቷን ነበር፤ የሁለት ተማሪ ልጆች ቁጥር ይታመናል ብላ ሚጡም አስባ አታውቅም። አሁን ግን ያ ሁሉ ሰው ቁጥሩን አምኖ ዳገት ወጥቷል።

የምርምር ጣቢያው ሬዲዮ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነበር። በእሳት ሥራ ላይ ማንም ይሁን ማን «ቁም» ካለ ሥራው ይቆማል፤ ምክንያቱ የሚጠየቀው በኋላ ነው። ሚጡ አንስታ ቁልፉን ተጫነች።

«ከጣቢያው ነኝ። ቁሙ። እባካችሁ አትለኩሱ።»

ሬዲዮው ትንሽ ተንጫረረ። ከዚያ የአለቃው ድምፅ መጣ። «መሞከሪያዋን ለኩሰናል፤ ትንሽ ቦታ ናት። ምንድን…» ድምፁ ተቋረጠ። ከኋላው ሰዎች ሲሯሯጡ ይሰማል። «ውሃውን በዚህ፣ በዚህ በኩል» አለ አንድ ሰው፣ እና ሬዲዮው ዝም አለ።

በመስኮቱ በኩል ዳገቱ ይታያል። ጢሱ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ወዲያው ጠቆረ፣ ወፈረ፣ ወደ ጎን ተኛ። ቱርቦ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ሚጡ ጠረጴዛውን ተደገፈች። እናቴ እዚያ ናት ብላ አሰበች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሐሳብ አልመጣላትም። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አታውቅም። ጢሱ ነጣ፣ ሳሳ።

«ጠፍቷል» አለ አለቃው። ያለከልካል። «ሁሉም ደህና ነው። ነበልባሉ ከሰው ቁመት በላይ ነው የተነሳው። እስቲ ምክንያቱን ንገሩኝ።»

«ሚዛኑ በይ» አለች ቱርቦ በሹክሹክታ። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ነው። «ሚዛኑ ተበላሽቷል በይ። እባክሽ።»

ሚጡ ቁልፉን ተጫነች። «ሚዛኑ» አለች። «ሚዛኑ ሳይበላሽ አልቀረም፣ ጋሼ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷው ራሷ ደነገጠች።

መኪኖቹ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግቢ ገቡ። የቱርቦ ወንድም መጀመሪያ ወረደ። አንደኛው እጅጌው እስከ ክርኑ ጠቁሯል፤ ሁለቱም ቅንድቦቹ የሉም። «ቅንድቤን ላይ ረስቼው መጣሁ፤ ማን ሮጦ ያመጣልኛል?» አለ። ማንም አልሳቀለትም። ቱርቦ ፊቱን አንድ ጊዜ አየችና ዞር አለች።

አለቃው ባርኔጣውን አውልቆ በር ላይ ቆመ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር።

«ዶክተር፣ ጠዋት ሣሩን በእጄ ጨምድጄዋለሁ» አለ። «ደርቋል አለኝ። ወረቀትዎ ደግሞ ርጥብ ነው አለኝ። ወረቀትዎን አመንኩ። ልጆቼን ይዤ ገባሁ።»

«አውቃለሁ» አለች የሚጡ እናት።

«ሰኞ ለቢሮው እጽፋለሁ። በጣሳ መለኮስ ቀርቷል።»

እናቷ አልተከራከረችም። የሦስት ዓመት ልፋቷን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲዘጋው እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። አለቃው ወጣ። እሷ ፊቷ ላይ ያለውን ጥላሸት እንኳ ሳትጠርግ ቀጥታ ወደ ሚዛኑ ሄደች። የመቶ ግራሙን መፈተሻ ብረት አስቀመጠችበት። መቶ አለ። አነሳችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። መቶ። አጠፋችው፣ አበራችው፣ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ወሰደችው። መቶ።

«ምንም አልሆነም ማለት ነው?» አለች ሚጡ፣ ቀስ ብላ።

«ከዚያ የባሰ ነው። አሁን ልክ ነው፣ ትናንት ተሳስቷል። አንዳንዴ ብቻ የሚሳሳት ሚዛን ከሆነ መቼ እንደሚሳሳት ማን ያውቃል?»

እናቷ ከመደርደሪያው ሦስቱን ወፍራም መዝገቦች አወረደች። የመጀመሪያውን ዓመት መጀመሪያ ገጽ ገለጠች፤ ቀይ እስክሪብቶ አነሳች፤ ከላይኛው ጥግ እስከ ታችኛው ጥግ አንድ መስመር አሰመረች። ገጹን ገለበጠች። ሌላ መስመር አሰመረች።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየሰረዝኩ ነው። የተመዘኑት ሁሉ በዚህ ሚዛን ነው፣ ሚጡዬ። የትኛው ልክ እንደሆነ ካላወቅኩ አንዱንም ማመን አልችልም። ሌላ ሰው ይህን አይቶ ደግሞ እንዳይለኩስ።» መስመሩን ቀጥ አድርጋ ታሰምራለች። «ያንን ልጅ አየሽው? የመጣው ቅንድቡ ብቻ ተቃጥሎ ነው። ለትንሽ ነው የተረፈው።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሚጡ ውሸት ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ እናቷ መዝገብ ላይ ደረሰ። ሚጡ ስለ ሚዛኑ ስታወራ ሚዛኑ የሚቀየም ነገር አይደለም ብላ ነበር። ከጀርባው ክረምት ከበጋ ዳገት ስትወጣ የኖረች እናቷ መኖሯ፣ እናቷም ደግሞ የተጠራጠረችውን ሁሉ የምትሰርዝ ሰው መሆኗ፣ ያኔ ትዝ አላላትም። ሦስተኛው ገጽ ተሰረዘ። አራተኛው።

ቱርቦ በሩ አጠገብ ቆማ ሚጡን ታያታለች። ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች። «ወንድሜ ከሰማ ዕድሜ ልኩን አያናግረኝም» አለች፣ ከሚጡ በቀር ለማንም በማይሰማ ድምፅ። ሚጡ ሰማቻት። አንጀቷን በላቻት፤ እውነት ነው፣ በላቻት። በሦስተኛ ክፍል ጊዜ ሚጡ የሰበረችውን የክፍል መስኮት ቱርቦ ናት «እኔ ነኝ» ያለችላት።

አምስተኛው ገጽ ተገለበጠ።

ሚጡ የሐሙሱን ቅጽ ከማኅደሩ አወጣች። ከራሷ ፊርማ ሥር፣ ክፍት በሆነችው መስመር ላይ ጻፈች፤ «አላየሁም። ጥላ ሥር ተኝቼ ነበር።» የቱርቦን ፊርማ አልነካችም። ወረቀቱን እናቷ ልትሰርዘው በነበረው ገጽ ላይ፣ ቀዩ እስክሪብቶ ፊት አስቀመጠችው።

እናቷ አነበበች። መልሳ አነበበች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ሣርና ሦስቱን ጣሳዎች አየች፤ ከሣሩ ውስጥ አንዲት ዘንግ አንስታ በጣቶቿ አሽከረከረቻት። ፊቷ ተለወጠ።

«ሚዛኑስ?» አለች።

«ሚዛኑ ምንም አልሆነም፣ እማ። ዋሽቼ ነው።»

እናቷ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፣ አላቀፈቻትምም። በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ይንቀሳቀሳል። ሚጡ ቆማ ጠበቀች፤ እናቷ ቀና አላለችም።

ውጭ የአለቃው መኪና ሞተር ተነሳ።

ሚጡ ቅጹን ከእናቷ ፊት አነሳች። «የት ልትሄጂ ነው?» አለች ቱርቦ። «አለቃው ሳይሄድ ልድረስበት» አለች ሚጡ። ቱርቦ አጠገብ ስትደርስ፣ አብራት እንድትመጣ አፍታ ቆመችላት። ከዚያ በሩን ከፍታ ግቢው ውስጥ፣ በቆሙት ሠራተኞች መሃል፣ ወደ መኪናው መራመድ ጀመረች። ከኋላዋ የሚከተላት ሰው እንዳለ ለማየት አልዞረችም።