ከብርሃኑ ፊት የሄደችው መኪና

እኔ መንፈስ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ፣ ሰው ሳይኖር በር ተከፈተ ሲሉኝ ከልቤ የምስቅ ሰው ነኝ፣ አፓርታማዬ ውስጥ ሰይጣን ገብቷል ብሎ ካህን ጠርቶ ጸበል ያስረጨ ጎረቤት ነበረኝ፣ ሰይጣኑ የተበላሸ የማሞቂያ ቱቦ ሆኖ ሲገኝ በምንኖርባት በሲልቨር ስፕሪንግ ላገኘሁት ሀበሻ ሁሉ እያወራሁ ሰውየውን መሳቂያ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን የምነግርህ ወሬ አምሮኝ እንዳይመስልህ፣ እመነኝ፣ ብደብቀው ነበር የሚሻለኝ።

የባለቤቴ የትዕግስት ታላቅ ወንድም ብርሃኑ ይባላል፣ ከእኛ ብዙ በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው፣ ቤት ያሻሽጣል፣ ከቤቱ ይልቅ ግን ራሱን ሲሸጥ ነው የሚውለው። በበጋው ለአንድ ሳምንት ስዊዘርላንድ ደርሶ መጣና አለቀልን፣ እሱ ቤት እራት ተጠርተህ ተራራ ሳታይ አትበላም፣ ስልኩን ከወጡ በላይ ይዘረጋልህና «አየሩን ብታሸተው!» ይልሃል፣ ፎቶ ይሸተታል እንዴ? ይባስ ብሎ ባለፈው ጥቅምት ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መሃል አንድ ሸለቆ አገኘ፣ ሰዎቹ አልፕስን አስመስለው ባለ ሰገነት የእንጨት ቤት ደርድረው፣ በየበሩ የላም ቃጭል ሰቅለው መዝናኛ አድርገውታል፣ አንድ ላም ግን የለም፣ ቃጭል ብቻ። ሳይጠይቀን ለሦስታችን ቅዳሜና እሑድን ቡክ አደረገ።

«ወንድም ጋሼ ደስ ብሎታል፣ እባክህ አፍህን ጠብቅ» አለችኝ ትዕግስት።

«አፌን እጠብቃለሁ፣ ፊቴን ግን አልችልም» አልኳት፣ እንደ ልማዴ በአንድ ጎን ፈገግ ብዬ።

እሱ ከአሌክሳንድሪያ፣ እኛ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሳን፣ ቀጠሯችን ተራራው አናት ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ጋዝ ስቴሽን ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ስልክ አይሠራም ተብለናል። ሃያ ዓመት ሰው ሳመላልስ የኖርኩ ሹፌር ነኝ፣ እሱ ግን ከመነሳታችን በፊት ደውሎ ቁልቁለት በስንተኛ ማርሽ እንደሚወረድ አስተማረኝ፣ ስዊዘርላንድ ተምሮ መጥቶ።

ሦስት ሰዓት ያህል እንደነዳን፣ መንገዱ ጠቦ ዛፉ ከግራና ከቀኝ ሲጫነን፣ ብርሃኑ ኮል አደረገ፣ ትዕግስት ስፒከር ላይ አደረገችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል እንጂ! ማን ያባርርሃል?»

«የት ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ከኋላህ ነኛ! እያየኸኝ…» አለና መስመሩ ተቆረጠ።

በስፖኪዮ አየሁ፣ እስከ ኩርባው ድረስ ባዶ አስፋልት ነው፣ አንድም መኪና የለም። «ውሸታም፣ ገና ከቤቱም አልወጣም» አልኩ፣ ትዕግስት ግን አንገቷን አዙራ ለረጅም ጊዜ ወደ ኋላ አየች።

ጋዝ ስቴሽኗ ስንደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፣ ጉሙ ከሸለቆው ተነስቶ መውረጃውን መንገድ ውጦታል። ትዕግስትን መኪናው ውስጥ ትቼ ቡና ልገዛ ብቻዬን ገባሁ። አንዲት ነጭ አሮጊት ባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ የደረቀ በቆሎ ትፈለፍላለች፣ ፍሬው ጣሳው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቡናዬን ይዤ ስጠጋ፣ ቀና ሳትል «ኃይለ ጊዮርጊስ» አለችኝ።

ልብ በልልኝ፣ ይህ የክርስትና ስሜ ነው። ፓስፖርቴ ላይ የለም፣ ከትዕግስት ጋር የተጋባነው ኮርት ስለሆነ እሷም አታውቀውም፣ እንዲህ ያለውን ነገር ስለምንቅ ነግሬያት አላውቅም፣ የሚያውቁት እናቴና የክርስትና አባቴ ነበሩ፣ ሁለቱም ከሞቱ ቆይተዋል። ደግሞ አጠራሯ! ስንት ዓመት ፈረንጅ ተራ ስሜን ሲያበላሸው የኖርኩ ሰው፣ እሷ ግን እንደ ደብተራ አጥርታ ነው የጠራችኝ።

«ምን?» አልኳት በእንግሊዝኛ።

«እስኪያልፍ ተቀመጥ» አለችኝ፣ እሷም በእንግሊዝኛ፣ በቆሎዋን መፈልፈሏን ቀጠለች።

የብርሃኑ ቀልድ ነው ብዬ ልናደድ ሞከርኩ፣ ግን ስሙን ከየት ያውቀዋል? ወጥቼ ለትዕግስት «ጉሙ እስኪያልፍ እንጠብቅ» አልኳት፣ እኔ፣ ማንንም ጠብቄ የማላውቀው። ሞተሩን አጥፍተን አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን፣ ብርሃኑም አልመጣም፣ ሌላም መኪና አላለፈም። በመሃሉ ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሁለት ጊዜ ክላክስ ሰማን። የእኔ መኪና ክላክስ እንደ ጎረነነ ፍየል ነው የሚጮኸው፣ ካንድ ግጭት ወዲህ ተበላሽቷል፣ ላሠራው እያልኩ ትቼዋለሁ።

«የእኛ ክላክስ አይደለም እንዴ?» አለች ትዕግስት።

«አንቺ ሴት፣ መኪናችን ውስጥ ተቀምጠሽ?» ብዬ ሳቅሁባት፣ እጄን ግን ከመሪው ላይ አነሳሁ።

ጉሙ ሲሳሳ ወረድን። ሁለተኛው ኩርባ ላይ የብርሃኑ መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ ቆሟል፣ የፊት ጎማዎቹ የገደሉ አፍ ላይ ናቸው፣ አንድ ክንድ አይቀራቸውም። እሱ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ በየት በኩል አልፎን እንደወረደ አልገባኝም። ገና ስወርድ ተነስቶ ኮሌታዬን ያዘኝ።

«ብትንቀኝ ናቀኝ! ገደል ትመራኛለህ?»

«ወንድም ጋሼ፣ እኛ ላይ ነበርን! አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመን ስንጠብቅህ!» ትዕግስት መሃላችን ገባች።

ብርሃኑ መኪናው ላይ የተገጠመችው ካሜራ የቀረጸችውን በስልኩ ከፍቶ ሰጣት፣ እኔም ከትከሻዋ በላይ አየሁት። ጉም ውስጥ አንዲት ግራጫ መኪና ከፊቱ ትሄዳለች፣ ታርጋው የእኔ ነው፣ ቁጥር በቁጥር። በግራ መስኮት አንድ እጅ ወጣ፣ እንደ እኛ አገር ሰው መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ና፣ ና ይለዋል። ቀጥሎ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ ዞረ፣ ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ ግን አፉ ይታያል፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ፈገግ ብሏል። ከዚያ መኪናዋ ፍሬን ሳትይዝ መንገድ ወደሌለበት ታጠፈች፣ ወድቃም አልታየች፣ ጠፋች።

«ይሄን ፈገግታ አውቀዋለሁ» አለች ትዕግስት ቀስ ብላ፣ ለማንኛችንም አልነበረም የተናገረችው።

ያንን ሸለቆ ሳናይ ተመለስን፣ ጋዝ ስቴሽኗ ጋ ቆሜ ልጠይቅ አልደፈርኩም። ብርሃኑ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ውድብሪጅ ላለው ዘመድ ሁሉ ሊገድለኝ ነበር ብሎ አውርቷል፣ ውሸት ነው እንዳልል ቪዲዮ አለው፣ እኔ ያለኝ አንዲት አሮጊትና ማንም የማያውቀው ስም ነው። የሚሰማኝን ልንገርህ? ያን ቀን በጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ፣ ብርሃኑ አንድ ጊዜ እንኳ አፉን የሚያስዘጋው ነገር በገጠመው ብዬ በልቤ ተመኝቼ ነበር፣ ምኞት ነው፣ ሰው ስንት ነገር ይመኛል።

ትዕግስት ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም፣ ብቻ ከዚያ ወዲህ መኪና ስትገባ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። ባለፈው እሑድ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ከዚህ ሆኜ ፊትህን አላየውም» አለችኝ።